ጨሞ ይዤ ወደ ጫሞ

ሰዉ ሁሉ «ብርቄ ተሳስታ ነው የሄደችው» እያለ ይስቃል። አዎ፣ ተሳስቼ ነው የሄድኩት። ታዲያ ሄድኩ አይደለም ወይ? እናንተ ሳትሳሳቱ የት ደረሳችሁ?

ይሄን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ሊዲያ ናት፤ ቴፒ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናንተ የሸኮ ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆማችሁ «እስቲ ንገሪን» ስትሉኝ ጉሮሮዬ ደረቀ። ለአንዷ የነገርኩትን ሌላዋ ጨምራበት ስታወራ፣ ባለፈው ገበያ ላይ «አዞ ገደልሽ አሉ» ተባልኩ። አዞ አልገደልኩም። ስለዚህ ይጻፍና እሁድ ከጸሎት በኋላ የሚችል ሰው ያንብብላችሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይጠይቀኝ።

ነገሩ የጀመረው ከመውደቅ ነው። ባለፈው ክረምት ቡናዬ ውስጥ ጭቃው አዳለጠኝና ወደቅኩ። ክንዴ አበጠ፣ ታሸ፣ ዳነ። ለእኔ እዚያ ላይ አለቀ። ለልጄ ለዳዊት ግን ያኔ ተጀመረ። ዳዊት ሚዛን ከተማ ሱቅ አለው። ጥሩ ልጅ ነው፣ እግዚአብሔር ይባርከው፤ ግን አንድ ሐሳብ ከያዘ እንደ መዥገር ነው፣ አይለቅም። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ሸኮ ብቻሽን አታድሪም፤ እኛ ጋ ትገቢያለሽ» አለኝ። ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤት አሠራልኝ። አልጋ ገዛ። ቡናዬን ለሌላ ሰው በኮንትራት ሊሰጥ ሰው ማናገር ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ሰርቪሱን አየሁት። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። የኔ ቤት በሩ ሲከፈት ቡናው አለ፣ ከቡናው በላይ ዋንዛው አለ፣ ዋንዛው ላይ ጉሬዛው ጅራቱን ቁልቁል ጥሎ ተቀምጦ ያየኛል። እኔና እሱ ስንት ዘመን ተያይተናል። ይሄን ትቼ ሄጄ ብሎኬት ላይ ላፍጥ?

በዚያው ሰሞን ሚዛን ገበያ ሄጄ፣ መኪና ላይ ድምጽ ማጉያ ጭነው ሲጣሩ ሰማሁ። «ጫሞን ያላየህ! ጫሞን ያላየሽ! ኑ ወደ ጫሞ! በኮስተር፣ በትንሽ ቡድን፣ ከአስጎብኚ ጋር!» ይላል። የኔ ጆሮ የሰማው ግን «ጨሞ» ነው።

ለሸኮ ሰው ጨሞ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ይሄ ወረቀት ሌላ አገር ከደረሰ ግን ይወቁት፤ የቡና ቅጠል ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከበሶብላ ጋር ይፈላል። ጠዋት ሥራ ሳንወጣ እሱን ነው የምንጠጣው። ከተማ ያሉት «የቅጠል ውሃ» እያሉ ሲንቁብን ነው የኖሩት። አንድ ጊዜ እንግዳ መጥቶብኝ ጨሞ ባቀርብለት፣ ቡናው ሞልቶ ተርፎ ቅጠሉን አጠጣችኝ ብሎ ሲያማኝ ከርሟል። እና አሁን ድምጽ ማጉያ ይዘው «ኑ ወደ ጨሞ!» ሲሉ ምን ላስብ? ሰው ገባው አልኩ። ጨሞ የሚከበርበት አገር ተገኘ አልኩ። ከቡናዬ ሽያጭ የያዝኩትን ሰጥቼ እዚያው ቆሜ ተመዘገብኩ።

ለዳዊት ስነግረው ራሱን ያዘ።

«እማዬ፣ አርባ ምንጭ እኮ ነው! ሁለት ቀን መንገድ ነው!»

«ይሁና።»

«ብትወድቂስ?»

ውል የገባነው እዚህ ላይ ነው። «ስማኝ» አልኩት። «በእግሬ ሄጄ በእግሬ ከተመለስኩ የሰርቪስህን ነገር ዳግመኛ አታነሳብኝም። ተሸክማችሁ ከመለሳችሁኝ ደግሞ ያንተው ግድግዳ ይሁንልህ፤ እገባለሁ፣ አልከራከርም።»

«እሺ። ግን ሊዲያ አብራሽ ትሄዳለች፣ ማታ ማታ ትደውልልኛለች» አለ። ሊዲያ ማለት ይቺው ናት። ሰላይ ሆና ነው የመጣችው። ጻፊው፣ ምን ታዪኛለሽ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከሚዛን ተነሳን። ኮስተር ማለት ከሃይሩፍ የሚሰፋ፣ ከአውቶቡስ የሚያንስ መኪና ነው። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ ከልክ በላይ ለስላሳ ነው፤ ሰው ከገባበት መውጣት ያቅተዋል። አስጎብኚያችን ብሩክ ይባላል፣ የሚዛን ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ባለ ቆብ፣ ማይክ ከአፉ የማይለይ። ከኔ ማዶ እትዬ ሙሉ ተቀምጣለች፤ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ ናቸው፣ እሷ ሚዛን ተወልዳ ያደገች። የቀሩት አስተማሪዎችና አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። በኔ ዓይን ሁሉም ልጆች ናቸው።

እስከ ቦንጋ ድረስ አገሩ የኛው ነው። ጫካ፣ ጉም፣ ቀይ ጭቃ። ሰዉ መስኮት ከፍቶ ፎቶ ያነሳል። እኔ የሰው ጓሮ ምኑ ፎቶ እንደሚነሳ አልገባኝም። ብሩክ ደግሞ «ይህ የምታዩት የቡና ተክል ነው» ይላል በማይክ። ቡና ምን እንደሚመስል ለኔ! ዝም አልኩት፣ ሥራው ነው።

ቦንጋ ቁርስ በላን፤ ዘይት የጠጣ ፍርፍር። እንደተነሳን ብሩክ ማይኩን እያዞረ እያንዳንዱ ሰው ስሙንና ማየት የሚፈልገውን እንዲናገር አደረገ። አንዱ አዞ አለ፣ አንዷ ጉማሬ አለች፣ ሙሽሮቹ ሳቁ ብቻ። እኔ ጋ ደረሰ።

«እማማ፣ ጫሞ ላይ በጣም ማየት የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

«ማየት? እኔ ልጠጣ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ሐይቁን?»

«የምን ሐይቅ? ጨሞውን ነዋ! የራሴንም ይዣለሁ። የነሱ ካልጣፈጠን በኔ እንቀጥላለን።» ከረጢቴን ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

ኮስተሩ በሳቅ ሊገለበጥ ደረሰ። ሾፌሩ ሳይቀር መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ሊዲያ ፊቷን በነጠላዬ ሸፈነች። ብሩክ ሳቁን ውጦ «እማማ፣ ጫሞ እኮ የሐይቅ ስም ነው። ትልቅ ውሃ ነው» አለ።

እትዬ ሙሉ እንባዋን እየጠረገች «እማማ ብርቄ፣ ቡናውን ለማን ትተው ነው ቅጠሉን የሚሸከሙት?» አለችኝ።

«ፍሬውንማ ለዓለም ሸጥነው፤ ቅጠሉን ለራሳችን አስቀረን» አልኳት። «የቱ እንደሚሻል ጠጥተሽ ሳታይ አትሳቂ።»

ብሩክ ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ቅር ካለዎት ገና ሩቅ አልሄድንም፤ ወደ ሚዛን የሚመለስ መኪና ልፈልግልዎት?»

«ለምን? ሐይቅ አይታይም? ዓይን የለኝም?» አልኩት። ውስጤ ግን፣ አሁን ይነገራል፣ ተቃጥሏል። ጨሞ የሚከበርበት አገር አገኘሁ ብዬ ሌሊቱን ስወቅጥ ነው ያደርኩት። ነገር ግን ከዚያ ብመለስ ዳዊት ምን ይላል? የሰርቪሱን ቁልፍ ይዞ ይጠብቀኛል።

ከሰዓት በኋላ ዳውሮ ገባን። ዳውሮ መንገዱ ተራራ ላይ እንደ ገመድ የተጠመጠመ ነው። የኛ አገር ተራራ ጫካ ለብሷል፣ ገደሉ አይታይም፣ ሰው ሳይፈራ ያልፋል። የነሱ ግን ሁሉንም ነገር ያሳያል። እትዬ ሙሉ በፌስታል ስታስመልስ እኔ ጀርባዋን እደግፋለሁ። አልሳቅኩባትም። ከዚያ ጎማችን ፈነዳ። ወረድን።

መንገድ ዳር እንሰት የከበባት ጎጆ አለች። አንዲት ሴት ወጣች፣ ዕድሜዋ ከኔ አይርቅም። አማርኛ አትሰማም፣ እኔም ቋንቋዋን አልሰማም። እጄን ያዘችና ወደ ጥላው ወሰደችኝ፣ ዱካ አመጣች፤ ለኔ ብቻ። ከዚያ የተቀቀለ ጎደሬ ከነዳጣው አቀረበች። ዳጣ የሚሉት ከቅመም ጋር የተፈጨ ቃሪያ ነው፤ እንባ ያመጣል። ጎደሬያቸው ከኛ ደረቅ ይላል፤ ግን ለመንገደኛ የተሰጠ ጎደሬ ይጣፍጣል። ደረቴን እየመታሁ «ብርቄ» አልኳት። እሷም እጇን ዘርግታ አንድ ቃል ተናገረች። የስሟ ይሁን የአገሩ ስም ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በዚያ ቃል ነው የምጸልይላት። እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ጎማው ተቀይሮ፣ የኦሞን ድልድይ ተሻግረን፣ ሶዶ ስንደርስ መሽቷል። ሆቴሉ ፎቅ ነው። ክፍላችን ሦስተኛው ላይ ደረሰን። ሊዲያ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ «ምድር ላይ የለም? አያቴ ደረጃ አትችልም» ስትላት ሰማሁ።

«አያትሽ ዛፍ ላይ ወጥታ ቡና የለቀመች ናት!» ብዬ ደረጃውን ጀመርኩት። መሃል ላይ ቆም እያልኩ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ሥዕል የማይ መሰልኩ። ሥዕሉ ምን እንደነበረ እንኳ አላስታውስም። ደረስኩ ግን።

ማታ ሊዲያ ሳትደውል ዳዊት ራሱ ደወለ። «ምን ሆነች?» ነው የሚለው። «እንዴት ናት?» አይልም።

ዓርብ ዋናው ቀን ነው፤ የውሃ ዳር ቀን። ከሶዶ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እቶን አፍ ተቀበለን። የኛ አገር ሙቀት እርጥብ ነው፣ ሰው ላይ ይለጠፋል። የነሱ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ብሩክ «በግራ በኩል ይታያል!» ሲል ሁሉም ሰው ወደ ግራ አጋደለ። እኔ ያለሁት በቀኝ ነው። ግራውን መስኮት እትዬ ሙሉ ይዛዋለች።

«ሙሉ፣ ነይ እንቀያየር» አልኳት።

«እማማ፣ እኔ ለመስኮቱ ብዬ እኮ ነው ማልጄ የመጣሁት!»

«ትናንት ጀርባሽን ማን ደገፈ?»

ሳቀችና ተነሳችልኝ። እሷ ሰው ናት። ምላሷን አትዩ።

ያየሁት አባያ የሚባለውን ነው። ቀይ ነው። እኔ ሐይቅ ሰማያዊ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ይሄ ግን በክረምት ደጃችን የሚወርደውን ጎርፍ ይመስላል፤ የኛ ይወርድና ያልፋል፣ የነሱ እዚያው ተቀምጦ ቀርቷል። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ዓይን አይዘልቀውም። መንገዱ አንዴ ይጠጋዋል፣ አንዴ ሙዝ ተክል ውስጥ ገብቶ ይደብቀዋል፣ ደግሞ ያወጣዋል። ሙዝ በሙዝ ነው አገሩ። ምዕራብ አባያ ላይ ቆመን ገዝተን በላን። ጣፋጭ ነው። የኛን ያህል ነው? አይደለም። የኛ ትንሽ ሆኖ ሽታ አለው። ለሻጯ እንዲህ ስላት «እንግዲያ የእናንተን ለምን አልያዙም?» አለችኝ።

አንድ ከፍታ ላይ ብሩክ አስቆመና «አሥር ደቂቃ፣ ፎቶ!» አለ። ሁሉም ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ስልካቸውን ያያሉ። እኔ ግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጫካ ውስጥ ላደገ ሰው ርቀት ማየት ብርቅ ነው። እኛ ጋ ዓይን ዛፍ ላይ ይቆማል፣ ከዛፉ ወዲያ ሌላ ዛፍ አለ። እዚህ ግን ዓይኔን ለቀቅኩት፤ ሄደ፣ ሄደ፣ የሚይዘው አጣ። ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። ክላክስ ሲነፋ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልኩ።

«እማማ፣ ረፈደ!» እያለ ብሩክ መጣ።

«ይሄ ውሃ እስኪሞላ ስንት ዘመን ፈጀ? እኔን ለመጠበቅ ምን አስቸኮለህ?» አልኩት። ማይኩን ኮስተሩ ውስጥ ትቶት ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለ። «እኔም እንዲህ ተቀምጬ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሰው እየቆጠርኩ ነው» አለኝ። ያኔ ወደድኩት።

አርባ ምንጭ አደርን። ከላይኛው ሰፈር ሆነን ሁለቱን ሐይቆች አየናቸው፤ ቀዩ አባያና ጠቆር ያለው ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት መሬት። ጫሞን ከሩቅ አየሁት። «በስምህ ነው ያሳሳትከኝ፤ ነገ እንገናኛለን» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ጀልባ ልንሳፈር ወረድን። ብርቱካን ዓይነት ቀለም ያለው ጃኬት ለሁሉም ታደለ። ለኔ አልተሰጠኝም። ብሩክ እጁን እያሻሸ መጣ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ ዓሣ ቤቱ ጥላ ሥር ቢጠብቁን። ጀልባው ይንቀጠቀጣል። ልጅዎም ደውሎ አደራ ብሎኛል።»

ዳዊት! እዚህ ድረስ እጁ ደረሰ።

«ልጄ የሰጠህን አደራ ለልጄ መልስለት፤ እኔ የተመዘገብኩት በራሴ ነው» አልኩት። ሄጄ ጀልባው ዳር ቆምኩ። ጀልባ ነጂው ጠና ያለ ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እናቴ፣ ዋና ይችላሉ?»

«አልችልም። እነዚህስ ይችላሉ?» ወደ ሙሽሮቹ አሳየሁት። ሙሽራው አንገቱን ደፋ። ነጂው ሳቀ፣ ጃኬቱን ራሱ አለበሰኝ፣ ከፊት አስቀመጠኝ።

አዞዎቹን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አሸዋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። እንደ ወደቀ ግንድ፣ እንደ ቆየ የዋንዛ ግንድ። ጉማሬው ራሱን ብቻ አውጥቶ እንደተቆጣ አማት ያየናል። ብሩክ «እጃችሁን ወደ ውጭ እንዳታወጡ!» ይጮሃል። አጠገባችን ግን አንድ ዓሣ አጥማጅ በእንጨት ታንኳ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ መረቡን ይስባል።

«አይበላውም?» አልኩት ነጂውን።

«ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው» አለኝ።

ይሄን ነገር ይዤው መጥቻለሁ። ለዳዊት ነግሬዋለሁ። ሰው ሥራው ላይ እያለ አዞ አጠገብም ይኖራል።

ውሃውን በመዳፌ ዘግኜ ቀመስኩት። ብሩክ ጮኸ። ጨሞ ጨሞ አይልም፤ ውሃ ውሃ ነው የሚለው።

አሁን እንግዲህ ያልነገርኳችሁን ልናገር። ስንመለስ ሁሉም ወረደ፣ እኔ መጨረሻ ሆንኩ። ዳሩ ጭቃ ነው፣ ላዩ ላይ ሸምበቆ ነጥፏል። አንድ እግሬን አሳረፍኩ። ሁለተኛውን ሳነሳ ሸምበቆው ሸሸ፣ እኔም ሄድኩ። ጭቃው ውስጥ ዘፍ አልኩ። ጉልበቴ ድንጋይ መታው።

ከዚያ ብሩክ «አትንኳቸው፣ አጥንት እንዳይሆን! ኮስተሩን አስጠጉት! አራት ሰው ይምጣ፣ ተሸክመን እናውጣቸው!» ብሎ ጮኸ።

ተሸክመን አለ። ያቺን ቃል ስሰማ ሕመሜ ጠፋ። የዳዊት ግድግዳ ፊቴ ላይ ተገተረ።

«ማንም እንዳይነካኝ! የነካኝን እረግማለሁ!» አልኩ። እትዬ ሙሉ እጇን ዘርግታ ደርሳ ነበር፤ እንደተቃጠለች ሰበሰበችው።

ሊዲያ ብቻ ንቅንቅ አላለችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ቆማ ታየኛለች። ውሉን ታውቃለቻ። ያኔ ነው ሰላይነቷን ይቅር ያልኳት።

መጀመሪያ በእጄ ተደገፍኩ፣ ከዚያ በደህናው ጉልበቴ። የጀልባውን ጠርዝ ያዝኩ። ነጂው ጀልባው እንዳይሸሽብኝ አጥብቆ ያዘው፤ እኔን ግን አልነካኝም፣ ብልህ ሰው ነው። ቡናዬ ውስጥ እንዴት እንደምነሳ አውቃለሁ፤ ጭቃ ከጭቃ አይለይም። ተነሳሁ። እያነከስኩ ዓሣ ቤቱ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከኋላዬ ሁሉም እንደ ቀብር አጃቢ ቀስ ብለው ይከተላሉ።

ባለ ዓሣ ቤቷ ዓለሚቱ ትባላለች። አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ወደ ጓዳ አስገባችኝ፣ አጠበችኝ፣ ቀሚሴን ወስዳ ነከረችው፣ የራሷን የጋሞ ሽመና ቀይና ቢጫ ቀሚስ አለበሰችኝ። ጉልበቴን በሙቅ ውሃ ጠመጠመችልኝ። ከዚያ ሊዲያ የያዘችውን ከረጢት አሸተተችና «እናቴ፣ ይሄ ምን ቅመም ነው?» አለች።

«ጨሞ።»

«ጫሞማ ውጭ ነው ያለው።»

«ያ የእናንተ ነው። ይሄ የኛ ነው» አልኳት። ድስትና ምድጃዋን ለቀቀችልኝ። አፈላሁ። ለሁሉም ቀዳሁ። ብሩክ አንድ ጊዜ ሳበና ላብ በግንባሩ ወረደ፤ ቆቡን አወለቀ። ሙሽሮቹ ተያዩና ብርጭቆውን ወደ ጎን አደረጉ፤ ለነሱ አልሆነም። እትዬ ሙሉ አሽታ፣ ቀምሳ፣ ዝም ብላ ጨረሰችው፣ ብርጭቆዋን መልሳ ዘረጋች።

«ለሆዴ ጥሩ ነው» አለች።

«የቅጠል ውሃ ነው እኮ» አልኳት።

«እማማ፣ ይቅዱልኝ አቦ!»

ዓለሚቱ «ጫሞ ዳር ተወልጄ ጨሞ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ ሳቀች። የቀረውን ለሷ ተውኩላት። የኔ ቀሚስ አልደረቀም፤ የሷን ለብሼ እንድሄድ አደረገችኝ። «ቀሚሱ አገርዎን ይይ» አለችኝ።

ያን ማታ ዳውሮ፣ ተርጫ ከተማ አደርን። ጉልበቴ ዳቦ አክሏል። ስልኩ ሲጮህ ሊዲያ «ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ደህና ናት በይ፣ ደህና ነኝ። ሌላውን እኔ ራሴ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ለአባትሽ አንቺ አትዋሺ፣ እኔም አልደበቅም።»

እሁድ ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ የኮስተሩን ደረጃ። ሲወጡት ቀላል ነው፤ ሲወርዱት ግን ያን ጉልበት ይዞ! ሚዛን ስንገባ ዳዊት ባጃጅ አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ብሩክ እጁን ዘረጋልኝ። አየሁት። መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ብረቱን ይዤ፣ እንደ ሕፃን ወደ ኋላዬ ዞሬ፣ ወረድኩ። መሬት ረገጥኩ። ወደ ልጄ ሄድኩ።

ዳዊት ፊቴን አላየም፣ ቀሚሱን ነው ያየው።

«እማዬ፣ ይሄ የማን ልብስ ነው?»

«የዓለሚቱ። የኔን ጭቃ ነካው።»

«የምን ጭቃ?»

«ጫሞ ዳር ወደቅኩ።»

«አላልኩሽም? እማዬ፣ አላልኩሽም! በቃ፣ ነይ ግቢ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል...»

«ብለኸኛል» አልኩት። «ወደቅኩ፣ ተነሳሁ። ሸኮም ወድቄ ነበር፣ ተነሳሁ። እዚህ ብገባም እወድቃለሁ፤ የሰርቪስህ ሲሚንቶ ከቡናዬ ጭቃ ይከፋል። ውላችን አትወድቂ የሚል ነበር? በእግሬ ሄጄ በእግሬ ልመለስ ነው ያልነው። ያውና ኮስተሩ፣ ይኸውና እኔ። መሃል ላይ ማን ተሸከመኝ?»

ወደ ልጁ ዞረ። «ሊዲያ?»

«ማንም አልነካትም፣ አባዬ። ልንነካት ስንል ልትረግመን ነበር።»

እትዬ ሙሉ ከኋላ ሻንጣዋን እየጎተተች «እኔ ምስክር ነኝ!» አለች።

«እያነከስሽ እኮ ነው!» አለኝ ዳዊት፤ ድምጹ ተሰብሯል።

«አነክሳለሁ። በገዛ እግሬ ነው የማነክሰው።»

ቆሞ አየኝ። ትንሽ ልጅ ሳለ ሲቆጣ እንደሚያደርገው አፍንጫውን አሸ። ከዚያ ከረጢቴን ከሊዲያ ተቀበለና ለባጃጁ ልጅ «ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መናኸሪያ፣ ወደ ሸኮ መኪና» አለው። እዚያም ከሾፌሩ ጎን ፊት ወንበር ያዘልኝ። በሩን ሲዘጋልኝ «አልጋውስ?» አለ።

«አልጋው ጥሩ ነው። ገበያ መጥቼ የመሸብኝ ቀን እንግዳ ሆኜ እተኛበታለሁ» አልኩት። የቡናውን ኮንትራት አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ቃል ቃል ነው።

አሁን ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ነው የማስጽፈው። ጉሬዛው ከዋንዛው ላይ ይሄን ቀይ ቀሚስ እያየ ግራ ገብቶታል። ሊዲያ ቅድም አንድ ቦታ ላይ ተሳስታ ስትሰርዝ አየሁና ምንድን ነው አልኳት። ጨሞና ጫሞን እያቀያየረች እየጻፈች ነው ለካ፣ የተማረችዋ ልጅ! ልዩነታቸውን አሳዪኝ አልኳት። ሁለቱን ፊደሎች ትልቅ ትልቅ አድርጋ ጻፈችልኝ።

«አያቴ፣ አንድ ዓይነት ናቸው እኮ። ይሄኛው፣ ጨ፣ እግሮቹን እኩል አድርጎ ቆሟል። ይሄኛው፣ ጫ፣ አንዱን እግሩን ዘርግቷል። በቃ ይሄው ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው።

እንግዲህ «ተሳስታ ሄደች» የምትሉኝ ሁሉ ስሙ። ቤቱ የቆመው ጨ ነው። እግሩን የዘረጋው ጫሞ ደረሰ።